ከመረጃ ቋት የሚወጣ ቁጥር፦ ረድፎችን መቍጠርና ተማሪዎችን መቍጠር
በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ትምህርት ቤቶች መረጃ ላይ የተመሠረተ ማብራሪያ

1. መግቢያ

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገሮች ከጉና ተራራ ደጋ ተነሥተው እስከ ዓባይና በሽሎ ሸለቆዎች ቆላ ድረስ ይወርዳሉ። አንዱ ትምህርት ቤት ከሌላው በገደልና በወንዝ የተለየ በመሆኑ፣ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ የሚሠራ የዕቅድ ሠራተኛ እያንዳንዱን ክፍል በዐይኑ አይቶ ሊቈጥር አይችልም። ስለሆነም መጻሕፍት ሲታደሉ፣ መምህራን ሲመደቡና የመማሪያ ክፍሎች ሲሠሩ የሚታመነው ከየትምህርት ቤቱ ተሰብስቦ በሚቀርበው ቁጥር ነው።

ይህ ቁጥር ቀድሞ መምህሩ በስም መጥሪያው ላይ ጣቱን እያወረደ የሚቈጥረው ነበር። ዛሬ ግን ከየትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የሚሰበሰበው መረጃ በኮምፒዩተር የመረጃ ቋት ውስጥ ስለሚገባ፣ «ስንት ናቸው?» የሚለው ጥያቄ የሚቀርበው ለማሽን ሆኗል። ማሽኑም በቅጽበት ይመልሳል። ይሁን እንጂ መምህሩ በስም መጥሪያው ላይ ጣቱን ሲያወርድ ልጁን ያስታውሳል፤ የሄደውን ይዘላል፤ ሁለት ጊዜ የተጻፈውን አንድ ጊዜ ይቈጥራል። ማሽኑ ግን ልጅ አያውቅም፤ የሚያውቀው ረድፍን ብቻ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በትምህርት ዘርፍ ልማት መርሐ ግብሮች በተሠራበት መለኪያ መሠረት በአንደኛ ደረጃ ለአንድ ክፍል የሚመደበው 50 ተማሪ ነው። 200 ልጆች ያሉት ትምህርት ቤት በተሳሳተ ቈጠራ 150 እንዳሉት ቢመዘገብ፣ አራት ክፍል በሚያስፈልገው ቦታ ሦስት ይበጀትለታል፤ በእያንዳንዱም ክፍል 67 ያህል ልጆች ይታጨቃሉ፤ ሃምሳ ልጆችም መጽሐፍ ሳይደርሳቸው ይቀራሉ። ስሕተቱ የተፈጠረው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሲሆን ዕዳውን የሚከፍለው ክፍል ውስጥ ያለው ልጅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ለመረጃ ቋት የቀረበ ጥያቄ ስንት ረድፍ እንደሚመልስ እንዴት እንደሚታወቅ፣ የተገኘውም ቁጥር በምን ምክንያት ከእውነተኛው የተማሪ ቁጥር ሊርቅ እንደሚችልና ስሕተቱን እንዴት አስቀድሞ መያዝ እንደሚቻል ማስረዳት ነው።

2. ሠንጠረዥ፣ ረድፍና ጥያቄ

የመረጃ ቋት የሚባለው እርስ በርሳቸው የተያያዙ ሠንጠረዦች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ሠንጠረዥ እንደ ስም መጥሪያ መዝገብ ዐምዶችና ረድፎች አሉት። ዐምዱ የመረጃውን ዐይነት ማለትም ስምን፣ ፆታን፣ ዕድሜንና የክፍል ደረጃን ሲያመለክት፣ ረድፉ ደግሞ ስለ አንድ ነገር የተጻፈውን ሁሉ ይይዛል። መረጃን በዚህ መልክ የማደራጀቱን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1970 በይፋ ያቀረበው በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ዛሬ ኤስ ኪው ኤል ለተባለው የጥያቄ ቋንቋ መነሻ የሆነውን ሥራ አወጡ፤ ቋንቋውም እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ጸደቀ።

ጥያቄ ማለት «ከዚህ ሠንጠረዥ ይህን ሁኔታ የሚያሟሉትን ረድፎች አምጣ» የሚል ትእዛዝ ነው። ለምሳሌ «በስማዳ ወረዳ በአራተኛ ክፍል የተመዘገቡ ልጃገረዶች» የሚል ጥያቄ ሲቀርብ፣ ማሽኑ ወረዳው ስማዳ፣ ክፍሉ 4፣ ፆታው ሴት የሆነበትን ረድፍ ሁሉ ለይቶ ያወጣል። የወጡት ረድፎች ብዛት የጥያቄው መልስ ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ማሽኑ የሚመልሰው ጠያቂው ያሰበውን ሳይሆን የጻፈውን መሆኑ ነው።

3. ቁጥሩን የማግኛ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ረድፎቹን ሁሉ አስመጥቶ መቍጠር ነው። ስማቸውን ማየት ለሚያስፈልግበት ጥቂት ዝርዝር ይህ ተገቢ ነው። ዝርዝሩ የብዙ ሺህ ሲሆን ግን ሥራውን ከማዘግየቱም በላይ አደጋ አለው። ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ የሚያሳዩት የመጀመሪያዎቹን መቶ ወይም ሺህ ረድፎች ብቻ ስለሆነ፣ በማያው ግርጌ ያለውን ቁጥር የጠቅላላው ድምር አድርጎ የሚወስድ ሠራተኛ ይሳሳታል።

ሁለተኛው መንገድ ማሽኑ ራሱ እንዲቈጥር ማዘዝ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ትእዛዝ «ካውንት» ይባላል። በቅንፉ ውስጥ የኮከብ ምልክት ሲገባ ሁኔታውን የሚያሟሉትን ረድፎች ሁሉ ይቈጥራል፤ የዐምድ ስም ሲገባ ግን በዚያ ዐምድ የተሞላ ነገር ያላቸውን ብቻ ይቈጥራል። የዚህ ትእዛዝ መልስ ራሱ አንድ ረድፍ ነው። በመሆኑም «ስንት ረድፍ ተመለሰ?» ብሎ አንድ የሚል መልስ ያየ ጀማሪ፣ መታየት ያለበት በረድፉ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር መሆኑን መገንዘብ አለበት።

ሦስተኛው መንገድ በክፍልፍል መቍጠር ነው። «ግሩፕ ባይ» የተባለው ትእዛዝ ረድፎቹን በወረዳ፣ በትምህርት ቤት ወይም በፆታ ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ቁጥር ለብቻ ያወጣል። ይህ መንገድ ለዕቅድ ሥራ ከሁሉ የሚመረጥ ነው፤ ምክንያቱም የክፍልፍሎቹ ድምር ከጠቅላላው ጋር መስማማቱን ለማረጋገጥ ያስችላል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቈጠራ ስማዳ ወረዳ 115,302 ወንዶችና 112,969 ሴቶች፣ በጠቅላላው 228,271 ነዋሪዎች እንዳሉት ተመዝግቧል። የሁለቱ ክፍልፍሎች ድምር ከጠቅላላው ጋር ልክ ይሆናል። የትምህርት ቤት መረጃም በዚሁ መልክ መፈተን ይኖርበታል።

በብዙ ጽሕፈት ቤቶች እንደሚደረገው መረጃው ኤክሴል በተባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም የተያዘ እንደሆነ ደግሞ ሁለት ነገሮችን ማስታወስ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የዐምዶቹ ርእስ የተጻፈበት የመጀመሪያው ረድፍ ከተማሪዎቹ ጋር እንዳይቈጠር መጠንቀቅ ይገባል። ሁለተኛ፣ የቀድሞው የፋይል ዐይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ ሊይዝ አይችልም፤ አዲሱ እስከ 1,048,576 ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዝ አገር የጤና መሥሪያ ቤት የኮሮና ምርመራ ውጤቶችን በቀድሞው የፋይል ዐይነት ሲያሰባስብ ከወሰኑ በላይ የሆኑት ረድፎች ተቈርጠው በመቅረታቸው፣ 15,841 በሽታው የተገኘባቸው ሰዎች በጊዜው ሳይቈጠሩ ቀርተዋል። የአንድ ዞን የተማሪዎች ስም ዝርዝር ከዚህ ወሰን በቀላሉ ሊያልፍ ስለሚችል ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

4. ቁጥሩ ከእውነቱ የሚርቅባቸው ምክንያቶች

ሀ. አንድ ተማሪ በብዙ ረድፍ ሲገኝ። የተማሪዎች ሠንጠረዥ ከውጤት ሠንጠረዥ ጋር ሲያያዝ፣ አንድ ተማሪ በተማረው የትምህርት ዐይነት ልክ ይደጋገማል። ለምሳሌ ያህል አንድ ክፍል 40 ተማሪዎች ቢኖሩትና እያንዳንዳቸው በስምንት ትምህርት ቢፈተኑ፣ የተያያዘው ሠንጠረዥ 320 ረድፍ ይመልሳል። በአንጻሩ በሕመም ምክንያት ምንም ፈተና ያልወሰደ ልጅ ውጤት ስለሌለው ከተያያዘው ሠንጠረዥ ፈጽሞ ሊጠፋ ይችላል። ስለሆነም በአንድ ጥያቄ ቁጥሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሳሳት ይችላል።

ተደጋጋሚውን አንድ ጊዜ ብቻ ለመቍጠር «ዲስቲንክት» የተባለው ትእዛዝ ያገለግላል። ነገር ግን ይህ ትእዛዝ በስም ላይ ሲሠራበት ሌላ ጥፋት ያስከትላል። በአገራችን ልጅ የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ስለሆነ፣ በአንድ ቀበሌ አንድ ዐይነት ስምና የአባት ስም ያላቸው ሁለት ልጆች መገኘታቸው የተለመደ ነው። ማሽኑ ሁለቱን እንደ አንድ ይቈጥራቸዋል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ተማሪ የማይደገም መለያ ቁጥር ሰጥቶ በእርሱ መቍጠር ነው።

ለ. ባዶ ሣጥን። ዕድሜው ያልተጻፈ ልጅ ዕድሜ የለውም ማለት አይደለም። በመረጃ ቋት ውስጥ ግን ያልተሞላው ሣጥን «ናል» ተብሎ ከዜሮም ከማንኛውም ቁጥርም ተለይቶ ይያዛል። «ደጋሚ ያልሆኑትን ቍጠር» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ደጋሚ መሆን አለመሆኑ ያልተሞላለት ልጅ ከደጋሚዎቹም ደጋሚ ካልሆኑትም ወገን ሳይቈጠር ይቀራል። ዕድሜያቸው በትክክል በማይመዘገብበት ገጠር ይህ ጉዳይ የንጥር ተሳትፎን ስሌት በቀጥታ ይነካል፤ ጥቅል ተሳትፎ ዕድሜን ሳይለይ የሚሰላ ሲሆን፣ ንጥር ተሳትፎ ግን ለደረጃው ተገቢ ዕድሜ ያላቸውን ብቻ የሚወስድ በመሆኑ ዕድሜው ያልተሞላ ልጅ ሁሉ ከስሌቱ ይወጣል።

ሐ. የፊደል ልዩነት። ይህ ምክንያት በተለይ በአማርኛ የተያዘ መረጃን የሚመለከት ነው። ለአንባቢ ኃይሌ፣ ሐይሌ እና ሀይሌ አንድ ስም ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሦስት ናቸው፤ ምክንያቱም የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው መለያ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ ናቸው። «ምሥራቅ እስቴ» ብሎ የሚጠይቅ ሠራተኛ «ምስራቅ እስቴ» ተብለው የገቡትን ረድፎች አያገኝም። ነፋስ መውጫ በሁለት ቃል ሲጻፍና ተያይዞ ሲጻፍም ለማሽኑ ሁለት ከተማ ይሆናል። ከዚህም የተነሣ ወረዳና ትምህርት ቤት በስም ሳይሆን በተወሰነ መለያ ቁጥር ቢመዘገቡ፣ ስሙም ከተዘጋጀ ዝርዝር ተመርጦ እንጂ በየጊዜው በእጅ ተጽፎ ባይገባ ይመረጣል።

መ. የወሰን ለውጥ። የዓመታትን ቁጥር የሚያነጻጽር ዕቅድ አውጪ፣ ስሙ አንድ ሆኖ መሬቱ የተለየ መሆኑን ላያስተውል ይችላል። እስቴ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ምሥራቅ እስቴና ምዕራብ እስቴ ተብሎ በሁለት ወረዳ ቀርቧል። በቀድሞው ስም ብቻ የሚጠይቅ ሰው መረጃ አያገኝም፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ወስዶ ከቀድሞው ጋር የሚያነጻጽርም ሕዝቡ በድንገት የቀነሰ ይመስለዋል። እንደዚሁም ላይ ጋይንትንና ታች ጋይንትን ሳይለይ «ጋይንት» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት። በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ መሠረት የመጀመሪያው 206,499፣ ሁለተኛው 101,956 ነዋሪዎች ስለነበሩት፣ አንዱን በሌላው ስም መውሰድ የሚያስከትለው ስሕተት የእጥፍ ያህል ነው።

ሠ. ጊዜ። የትምህርት ዘመናችን በመስከረም የሚጀምር ሲሆን፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ግን የሚያውቁት የፈረንጆቹን አቈጣጠር ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በተዘጋጀ ሣጥን የካቲት 30 ወይም ጳጉሜን 3 የተወለደን ልጅ በቀጥታ መመዝገብ አይቻልም፤ ማሽኑ ቀኑን አልቀበልም ሲል መዝጋቢው ሣጥኑን ባዶ ይተወዋል፤ ውጤቱም ከላይ በ«ለ» የተገለጸው ነው። ከዚህም በላይ በመስከረም የተቈጠረና በመከር ወራት የተቈጠረ አንድ አይሆንም። ከነዚህ ወረዳዎች ብዙ ጐልማሶችና ወጣቶች ለወቅት ሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ስለሚወርዱ፣ የስም ዝርዝሩ ሳይለወጥ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ሊቀንሱ ይችላሉ። ስለሆነም ቀኑ ያልተጠቀሰ ቁጥር ግማሽ ቁጥር ነው።

5. ዜሮ ምን ማለት ነው?

ከመልሶች ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው «ዜሮ» የሚለው መልስ ነው። ዜሮ አራት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ሁኔታውን የሚያሟላ ተማሪ በእርግጥ የለም፤ ወይም ጥያቄው በተሳሳተ ፊደል ተጽፏል፤ ወይም ሣጥኑ አልተሞላም፤ ወይም ከትምህርት ቤቱ መረጃው ፈጽሞ አልደረሰም። ማሽኑ አራቱንም በአንድ ቁጥር ይመልሳቸዋል።

በክፍልፍል ሲቈጠር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ይደርሳል። መረጃ ያላስገባ ትምህርት ቤት ዜሮ ተብሎ እንኳ አይቀርብም፤ ከዝርዝሩ ጭራሽ አይታይም። ዝርዝሩን የሚያነበው ሰው ያሉትን እንጂ የሌሉትን ሊያይ አይችልምና፣ የተረሳው ትምህርት ቤት ዝም እንዳለ ይታለፋል። ይህን ለመከላከል የሚበጀው፣ የወረዳውን ትምህርት ቤቶች ሁሉ የያዘ ቋሚ ዝርዝር አዘጋጅቶ የቈጠራውን ውጤት ከእርሱ ጋር ማስተያየትና መረጃ የጐደለባቸውን ለይቶ ማውጣት ነው።

የዚህ ጥንቃቄ አስፈላጊነት በቅርብ ዓመታት በግልጽ ታይቷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫን በደረሰ ጊዜ፣ ከዚያም በ2016 ዓ.ም. በአማራ ክልል በነበረው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሳይከፈቱ በቈዩበት ወቅት፣ ከየቦታው የሚመጣው መረጃ የተቈራረጠ ነበር። እንዲህ ባለው ዓመት ከመረጃ ቋቱ የጠፋ ትምህርት ቤት ልጆች የሉትም ማለት አይደለም። እንዲያውም እርዳታ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እርሱ ሊሆን ይችላል። ያልደረሰ መረጃ እንደ ዜሮ ተወስዶ ዕቅድ ከወጣበት፣ የተጐዳው ትምህርት ቤት በወረቀት ዳግመኛ ይጐዳል።

ያልተቈጠረን እንዳልተቈጠረ ገልጾ ማቅረብ በቈጠራ ሥራ የታወቀ ደንብ ነው። በ1976 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ የሕዝብ ቈጠራ ሊደረስባቸው ያልቻሉ አካባቢዎች ስለነበሩ የእነዚያ ሕዝብ በግምት ተወስዷል። የወረዳ ጽሕፈት ቤትም «ከ60 ትምህርት ቤቶች የ52ቱ መረጃ ደርሷል» ብሎ ቢጽፍ፣ የተሟላ መስሎ ከሚታይ ባዶ ድምር ይልቅ ለዕቅድ የሚረዳ ነገር አቅርቧል።

6. ቁጥሩን የመፈተኛ ተግባራዊ ዘዴዎች

ከላይ ከተዘረዘሩት በመነሣት፣ መምህራንና የዕቅድ ሠራተኞች ማንኛውንም ቁጥር ወደ በላይ አካል ከመላካቸው በፊት የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ስሕተቱ በአብዛኛው ይያዛል።

(1) በመጀመሪያ «በዚህ ሠንጠረዥ አንድ ረድፍ የምን ምሳሌ ነው?» ብሎ መጠየቅ። ረድፉ አንድ ተማሪን፣ አንድ የፈተና ውጤትን ወይም አንድ የምዝገባ ጊዜን ሊወክል ይችላል። ይህ ሳይታወቅ የሚወጣ ቁጥር የምን ቁጥር እንደሆነ አይታወቅም።

(2) ጥያቄውን፣ ተቃራኒውንና ባዶውን ለየብቻ መቍጠር። ለምሳሌ ከ200 ተማሪዎች ደጋሚዎቹ 18፣ ደጋሚ ያልሆኑት 170 ቢሆኑ፣ ድምሩ 188 ነው። የቀሩት 12 ሣጥናቸው ባዶ የሆነ ልጆች ናቸው። ሦስቱ ተደምረው ከጠቅላላው ጋር ካልተስማሙ ጥያቄው ወይም መረጃው መታረም አለበት።

(3) ሁሉንም ረድፎችና ያልተደገሙትን መለያ ቁጥሮች ቈጥሮ ማነጻጸር። ሁለቱ ከተለያዩ አንድ ተማሪ ከአንድ ረድፍ በላይ ላይ አለ፤ ወይም መለያ ቁጥር ያልተሰጠው ተማሪ አለ ማለት ነው።

(4) በመረጃ ቋቱ ያለውን የወረዳ ስሞች ዝርዝር ከነብዛታቸው ማውጣት። አንድ ወረዳ በሁለትና በሦስት አጻጻፍ ገብቶ እንደሆነ በዚህ ወዲያው ይታያል።

(5) አንድ ክፍል መርጦ በእጅ መቍጠር። የክፍሉ ኃላፊ መምህር በስም መጥሪያው የሚያገኘው ቁጥር ከማሽኑ ጋር ካልተስማማ፣ ልዩነቱ ስም በስም ይመረመራል። ይህ ዘዴ ከሁሉ ቀላል ሲሆን፣ ምንም የኮምፒዩተር ዕውቀት ሳይጠይቅ መምህሩን የመረጃው ዳኛ ያደርገዋል።

(6) ከቁጥሩ ጋር ጥያቄውንና ቀኑን መመዝገብ። «1,240 ተማሪዎች» ከማለት ይልቅ «በጥቅምት 30 በመዝገብ ላይ ያሉ፣ ደጋሚዎችን ጨምሮ፣ የተዛወሩትን ሳይጨምር 1,240» ተብሎ ቢጻፍ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን የሚረከበው ሠራተኛ በዚያው ጥያቄ ቈጥሮ ማነጻጸር ይችላል።

7. መደምደሚያ

ለመረጃ ቋት የቀረበ ጥያቄ ስንት ረድፍ እንደሚመልስ ማወቅ በአንድ ትእዛዝ የሚፈጸም ቀላል ሥራ ነው። ከባዱ ሥራ ረድፉ ከልጁ ጋር አንድ ለአንድ መገናኘቱን ማረጋገጥ ነው፤ ይህንንም ሥራ ማሽኑ በራሱ ሊሠራው አይችልም። ልጁን የሚያውቀው መምህሩ ነው፤ ጥያቄውን የሚያውቀው የዕቅድ ሠራተኛው ነው። ሁለቱ ካልተነጋገሩ ማሽኑ ለተሳሳተ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሲሰጥ ይኖራል።

በመሆኑም በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የመዝገብ አያያዝ ትምህርት ሲሰጥ፣ ሠልጣኞች ስም መጥሪያ መሙላትን ብቻ ሳይሆን የሞሉት ረድፍ በወረዳና በዞን ደረጃ እንዴት እንደሚቈጠር ጭምር ቢማሩ ይጠቅማል። በስማዳ ቆላ ያለ መምህር የሚተዋት አንዲት ባዶ ሣጥን አንድን ልጅ ከመጽሐፍና ከወንበር ልታስቀር እንደምትችል ከተረዳ፣ ሣጥኗን ሳይሞላ አያልፍም። ቁጥሩን የሚቀበለው ሠራተኛም ከእያንዳንዱ ረድፍ በስተጀርባ ልጅ መኖሩን ካስታወሰ፣ ድምሩን ሳይፈትን አይፈርምም።